ጦሳን ጉም ሲውጠው የት ይሄዳል?

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ስነሳ ጦሳ የለም። ደሴ የኖረ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ጉሙ ከላይ ይወርድና መጀመሪያ ተራራውን፣ ከዛ ዳገቱ ላይ ያሉትን ቤቶች፣ አንዳንዴም አሥር ሜትር ከፊትህ የሚሄደውን ሰው ሳይቀር ይሰውርብሃል። ፒያሳ ቆመህ ቀና ብትል ነጭ ብቻ ነው የምታየው። ግን ተራራው የት ሄደ ብሎ የሚደነግጥ የለም። ሁሉም ጋቢውንም ጃኬቱንም ደርቦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

የእህቴ ልጅ ግን ጠየቀኝ።

ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ይገባል። ክረምቱን እኔ ጋ ነው የሚውለው፣ ፒያሳ አካባቢ ባለችኝ የኮምፒውተርና የሞባይል መጠገኛ ሱቅ። ብሎን መፍታት፣ አቧራ ማራገፍ፣ ዊንዶውስ መጫን ይችላል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ጎን ያለው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ይጫወታል። ያን ቀን ሱቁን ከፍተን በር ላይ ቆመን ሻይ ስንጠጣ፣ ወደ ጉሙ እያየ፣ "ጋሼ፣ አሁን ጦሳ እውነት እዛ አለ? ወይስ የሚያየው ስለሌለ አልተሳለም?" አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ዓለማችን የሆነ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ማሽን አስመስሎ የሠራው ዓለም ነው የሚለውን ሐሳብ ቲክቶክ ላይ ሰምቶ፣ ለካ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስለው ኖሯል። እኔም ከዛ ቀን ወዲህ ማታ ማታ ስለሱ ሳነብ፣ ቀን ቀን ከልጁ ጋር ስከራከር ከረምኩ። ጉዳዩ ለኔ የጨዋታ ወሬ አይደለም። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄው የመጣው ከጌም ነው። ጌም ውስጥ ስትገባ ትልቅ ከተማ ያለ ይመስልሃል። ኮምፒውተሩ ግን በየቅጽበቱ የሚስለው ካሜራው ያየውን ብቻ ነው። ከጀርባህ ያለው መንገድ በመረጃ መልክ ተቀምጧል እንጂ አልተሳለም፤ ዞር ስትል ያኔ ይሳላል። የአቅም ጉዳይ ነው፣ የግራፊክስ ካርድ ጉልበት ውስን ስለሆነ። የድሮ ጌሞች ላይ ደግሞ ጉም ነበር። ማሽኑ ሩቅ ያለውን መሳል ሲያቅተው፣ ሠሪዎቹ ዓለሙ የሚያልቅበትን ጠርዝ በጉም ይሸፍኑት ነበር። ተጫዋቹ ጉም ያያል። ከጉሙ ወዲያ ምንም የለም። እንግዲህ ደሴ ተወልዶ ያደገ ልጅ ይሄን ሲያውቅ ምን እንደሚያስብ ገምቱ።

እኔ የመለስኩለት የሱቅ በር ላይ መልስ ነበር። ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ ጉሙ እስኪገለጥ አይጠብቅም፣ ተራራውን አየነው አላየነው ውሃው መንገዱን ያጥለቀልቀዋል አልኩት። ትንሽ አሰበና "ጎርፉን ብቻ ማስላት ይበቃላ፣ ተራራውን መሳል አያስፈልግም" አለኝ። ልክ ነው። ጌም ውስጥም እንደዛው ነው፤ ያላየኸው ነገር አልተሳለም ማለት አልተሰላም ማለት አይደለም። ይህችን ልዩነት ልብ በሉልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ካላየኸው የለም" እያለ ነው የሚያወራው። ከራሷ ከደሴ ምሳሌ ላምጣ፤ አፄ ዮሐንስ እዚህ ሰፍረው ሳለ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው ነው ከተማዋ ደሴ የተባለችው ይባላል። በ1882 እ.ኤ.አ. መስከረም የታየው ኮከብ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር የሚታይ ነበር። እንዲህ ያለ ኮከብ ሰው ዓይን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ስንት መቶ ዓመት ማንም ሳያየው በጨለማ ውስጥ ይጓዛል። መንገዱን ሳይስት ነው የሚመጣው። ዓለም ሲሙሌሽን ቢሆን እንኳ የማናየውን ሁሉ እያሰላ የሚሠራ ሲሙሌሽን ነው ማለት ነው። እንግዲያው ጦሳም አለ።

ሐሳቡ ራሱ የቲክቶክ ልጆች የፈጠሩት አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ኒክ ቦስትሮም የሚባል ስዊድናዊ ፈላስፋ ነው በሥርዓት የጻፈው። ብዙ ሰው ቦስትሮም ሲሙሌሽን ውስጥ ነን አለ ይላል። እንደዛ አላለም። ያለው፣ ከሦስት ነገር ቢያንስ አንዱ እውነት መሆን አለበት ነው። ወይ እንደኛ ያሉ ፍጡራን በጣም ከመራቀቃቸው በፊት ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ ይጠፋሉ። ወይ ይራቀቃሉ፣ ግን የቀደሙ አያቶቻቸውን ሕይወት በኮምፒውተር መልሶ ለመሥራት የሚፈልግ ከመሃላቸው የለም ማለት ይቻላል። ወይ ደግሞ እኛ ራሳችን ያለ ብዙ ጥርጥር እዛ ኮምፒውተር ውስጥ ነን። ሦስተኛው ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከቆጠራ ነው።

በኔ ሥራ ላስረዳችሁ። አንድ ጆንያ ሙሉ ቻርጀር አለ እንበል። ሺህ ቻርጀር ነው፤ አንዱ ብቻ ኦሪጅናል፣ ሌላው በሙሉ ኮፒ። በዓይንም በሚዛንም አይለዩም። እጅህን ከተህ አንዱን ብታወጣ፣ የያዝከው ኦሪጅናል ነው ብለህ ትወራረዳለህ? አትወራረድም። ቦስትሮምም የሚለው ይሄንኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሐሰት ከሆኑ፣ በኮምፒውተር የተሠሩት ሕይወቶች ከዋናዎቹ እጅግ ይበዛሉ፤ ስለዚህ አንተም ከብዙዎቹ አንዱ ነህ ብለህ ብትገምት ነው የሚሻለው። ቁጥርም አስቀምጧል። የሰው ልጅ ከመጀመሪያ እስከ ዛሬ ያሰበውን ያለመውን በሙሉ መልሶ ለመሥራት ከ1 በኋላ 33 እስከ 36 ዜሮ የሚሆን ስሌት ይበቃል ብሎ ገምቷል። አንድ ፕላኔት የሚያህል ኮምፒውተር ቢኖር ደግሞ በሰከንድ ከ1 በኋላ 42 ዜሮ ስሌት ይሠራል። በዚህ ሒሳብ የአዳም ዘር ታሪክ በሙሉ ለዛ ማሽን የአንዲት ሰከንድ ሥራው አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይሄን ያነበብኩት ማታ ነበር፤ መብራቱን አጥፍቼ ብዙ ሰዓት ሳልተኛ ቆየሁ።

ከዛ በኋላ ነው ሀብታሞቹ የተቀበሉት። ኢሎን መስክ በ2016 እ.ኤ.አ. ዋናው ዓለም ውስጥ የመሆናችን ዕድል ከቢሊዮኖች አንድ ነው ብሎ ተናገረ። መነሻው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው ፖንግ የሚባለው ጌም ሁለት መስመርና አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር፤ የዛሬዎቹ ጌሞች የት እንደደረሱ ደግሞ እያየን ነው የሚል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን ዴቪድ ኪፒንግ የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ተመራማሪ ሒሳቡን በሌላ መንገድ ሠርቶ፣ ውጤቱ ግማሽ በግማሽ ገደማ እንደሆነ፣ ቢያጋድልም በትንሹ ወደ ዋናው ዓለም እንደሚያጋድል አሳየ። እኔ ሁለቱንም ቁጥር አላምንበትም። ጆንያው ውስጥ ስንት ቻርጀር እንዳለ ሳይታወቅ ነው ዕድሉ የሚሰላው።

ሁለት ነገር አይዋጥልኝም። አንደኛው፣ ቦስትሮም ሲነሳ ራሱ ያስቀመጠው ግምት ነው፤ ንቃተ ኅሊና ሥጋ ላይ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛው ስሌት እስከተሠራ ድረስ የትም ሊፈጠር ይችላል የሚለው። ሊሆን ይችላል። ግን እስካሁን ማንም አላሳየውም፤ ቤቱ በሙሉ የቆመው ደግሞ በዚህች አንዲት ምሰሶ ነው። ሁለተኛው የሚከነክነኝ ነገር፣ ኮምፒውተር ይሄን ያህል ያሰላል የምንለው በኛ ዓለም ፊዚክስ ነው። ዓለማችን የተሠራ ከሆነ ግን ፊዚክሱም የተሠራ ነው፤ ስለ ውጪው ዓለም ምን ሊነግረን ይችላል? ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በራሱ ከተማ ሙቀት ተነስቶ የደሴን ብርድ ቢገምት ይስታል፤ ይሄ እንግዲህ በአንድ ሰማይ ሥር፣ ቦርከና አንዱን ውሃ ይዞ በሚወርድባቸው ሁለት ከተሞች መሃል ነው። ከሲሙሌሽን ውስጥ ሆኖ ስለ ውጪው ማውራት ከዚህ ስንት እጥፍ ይከብዳል።

ሊፈትኑት የሞከሩ አሉ፣ እነሱን አከብራለሁ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳይላስ ቢን፣ ዞህሬ ዳቩዲና ማርቲን ሳቬጅ የተባሉ ሦስት የፊዚክስ ሰዎች እንዲህ ብለው አሰቡ፦ ዓለም ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቦታ ራሱ እንደ ባለ ካሬ ደብተር በጥቃቅን ነጥቦች ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል፤ እንደዛ ከሆነ ደግሞ ከጠፈር የሚመጡት እጅግ ኃይለኛ ጨረሮች ከሁሉም አቅጣጫ እኩል አይመጡም፣ የካሬዎቹን መስመር የሚከተል አድልዎ ይታይባቸዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዞሃር ሪንግልና ዲሚትሪ ኮቭሪዝሂን የተባሉ ተመራማሪዎች አንዳንድ የኳንተም ሥርዓቶችን፣ ማለትም እንደ ኤሌክትሮን ያሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ስብስብን፣ በተለመደው ኮምፒውተር ለማስላት የሚያስፈልገው ነገር ቅንጣቶቹ በጨመሩ ቁጥር በማይቻል ፍጥነት እንደሚያድግ አሳዩ። የጥቂት መቶ ኤሌክትሮኖችን መረጃ ለመያዝ እንኳ በመላው ጠፈር ካለው አቶም ሁሉ የበለጠ አቶም ሊያስፈልግ ነው። ያኔ አንዳንድ ሚዲያዎች "ሲሙሌሽን እንዳልሆንን ተረጋገጠ" ብለው ጻፉ። አልተረጋገጠም። የተባለው እንደኛ ዓይነት ኮምፒውተር አይችለውም ነው፤ የውጪው ኮምፒውተር እንደኛ መሆን አለበት ያለ የለም።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያለውን ጭቅጭቅ እወደዋለሁ። ልጁም አእምሮው ሲከፈት ይታየኛል።

አንድ ቅዳሜ አያቴ ጋ ቡና ስንጠጣ ነገሩን ለሷም ነገራት። ጭሱ ቤቱን ሞልቶት፣ ዱዓ ተደርጎ፣ ቶናው እየተቀዳ ነበር። በጥሞና ሰማችውና "እና ይሄ አዲስ ነገር ነው እንዴ የኔ ልጅ? ዱንያ ጥላ ናት፣ ስንላችሁ የኖርነው" አለችው። እሱ በጣም ደስ አለው፤ ያገሩ ሰው ሁሉ ሲያውቀው የኖረ ነገር ሆኖ አገኘው። እኔ ግን እዛው ቁጭ ብዬ አንድ ልዩነት ታየኝ። አያቴ ዱንያ ጥላ ናት ስትል፣ በዛች ጥላ ውስጥ የምትሠራው እያንዳንዷ ነገር ተጽፋ የምትቀመጥ ናት። ለዛ ነው ስኒ ሲጎድል ጎረቤት ተጠርቶ እንደሆነ የምትጠይቀው። ልጁ ከስልኩ የሰማው ደግሞ ተቃራኒውን ነው። ምንም እውነት ስላልሆነ ምንም አይቆጠርም የሚል ነው። ሁለቱ በስም ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ይሄን ያኔ አልነገርኩትም፤ አሁን ሳስበው እዛው ብነግረው ይሻል ነበር።

ምክንያቱም ሳምንት ሳይሞላ እንዲህ ሆነ። ሱቃችን ፊት ለፊት ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው። በየጠዋቱ ሲያልፉ አንድ ነገር ነው የሚሉን፦ "አብሽሩ ልጆቼ፣ ቀኑ ይገፋል።" ዝናብ ቢዘንብ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ገበያ ቢደራ፣ ያችው ናት። ልጁ እየሳቀ "እኚህ ሴትዮ ኤንፒሲ ናቸው እኮ" አለኝ። ኤንፒሲ ማለት ጌም ውስጥ ሰው የማይጫወትባቸው፣ ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ሰዎች ናቸው። መንገድ ዳር ይቆማሉ። በተጠጋሃቸው ቁጥር አንድ ዓረፍተ ነገር ይደግማሉ። ውስጣቸው ማንም የለም።

ደሜ ፈላ። ስጮህበት ራሴም ደነገጥኩ። ከዛ አስቀምጬው የማያውቀውን ነገርኩት።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ በጦርነቱ ምክንያት ከተማዋን ለቀን ስንወጣ እሱ ልጅ ነበር፤ እህቴ አስቀድማ ይዛው ሄዳለች። እኔ እናቴን ይዤ የወጣሁት በመጨረሻ ነው። የሱቁን ቁልፍ ለማን እንደምሰጥ ሳላውቅ እዛው በር ላይ ስንቆራጠጥ፣ እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። እሳቸው አልወጡም፤ አቅም አልነበራቸውም፣ የታመመ ባል ነበራቸው። ከአንድ ወር በላይ ቆይቼ ስመለስ ሱቁ ባዶውን ነበር፣ በሩም ተገንጥሎ። እትዬ መጡና መቀነታቸውን ፈትተው ቁልፉን አውጥተው ሰጡኝ። የሚቆልፈው በር የለም። እሳቸው ግን አደራ ነውና ያን ሁሉ ቀን ወገባቸው ላይ አስረው አቆይተውታል። በዛ መሃል ባላቸው ሞተዋል። እኔ ይሄን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እሳቸው ያሉኝ "አብሽር ልጄ፣ ቀኑ ይገፋል" ብቻ ነበር።

ልጁ አንገቱን ደፋ። እኔም ዝም አልኩ። ለኔ የሲሙሌሽን ወሬ ጨዋታ ያልሆነው ለዚህ ነው። ዓለም ከአቶም ይሠራ፣ ከቁጥር ይሠራ፣ እሱን የፊዚክስ ሰዎች ይፈልጉት፤ መልሱን እኔም እጓጓለታለሁ። ፊትህ ያለው ሰው ውስጥ ማንም የለም የሚለው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ከቦስትሮም ጽሑፍ የመጣ ዋና ሐሳብም አይደለም፤ እሱ የሚነሳው ሲሙሌሽን ውስጥ ያሉት እንደኛ ይሰማቸዋል ከሚለው ነው። ጌም ውስጥ ከጉሙ ወዲያ ምንም የለም። እዚህ ደሴ ከጉሙ ወዲያ ጦሳ አለ። እትዬ በየጠዋቱ የሚሏት ያቺ አንዲት ቃል ጉሙ ናት።

በማግስቱ ጭቅጭቁን ትቼ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ሰጠሁት። በ1970 እ.ኤ.አ. ጆን ኮንዌይ የሚባል እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ የፈጠረውን ነገር ላሳየው ፈልጌ ነው። ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልገውም፤ ኮንዌይና ጓደኞቹም መጀመሪያ በእጃቸው ጠጠር እየደረደሩ ነበር የሚሞክሩት። ደብተሩ ላይ የጠቆረ ካሬ ሕይወት ያለው ነው እንበል፣ ነጩ የሞተ። እያንዳንዱ ካሬ ዙሪያውን ስምንት ጎረቤት አለው። ሕይወት ያለው ካሬ ሁለት ወይም ሦስት ሕያው ጎረቤት ካለው ይቀጥላል። ካነሰ በብቸኝነት፣ ከበዛ በመጨናነቅ ይሞታል። የሞተ ካሬ ደግሞ ልክ ሦስት ሕያው ጎረቤት ካለው ይወለዳል። ሕጉ ይሄው ነው፣ ሌላ የለም።

አምስት ካሬ አጠቆርኩለት። መሃል ላይ አንድ፣ ከሥሯ በስተቀኝ አንድ፣ ከሁለቱ በታች ሦስት በተርታ። ቀጣዩን ገጽ እሱ ራሱ እንዲሠራ አደረግኩ። እየቆጠረ፣ እያጠፋ፣ እየደገመ ሠራው። አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ያቺው ቅርጽ ተመልሳ መጥታለች፣ ግን ቦታዋ ላይ አይደለችም። አንድ ካሬ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ሄዳለች። ሌላ አራት ሠራ። ሌላ አንድ ካሬ ሄደች። ደብተሩ ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም፤ ካሬዎቹ ባሉበት ይጠቁራሉ፣ ይነጣሉ፣ ያ ብቻ ነው። ግን የምትሄድ ነገር አለች። ኮንዌይ ሂድ የሚል ሕግ አልጻፈላትም።

"ይቺ እውነት ናት ወይስ ሐሰት?" አልኩት። ዴቪድ ቻልመርስ የሚባል ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አውስትራሊያዊ ፈላስፋ፣ ሲሙሌሽን ውስጥ ብንሆን እንኳ ወንበሩ ወንበር ነው ይላል፤ ከምን እንደተሠራ የማናውቀው እውነተኛ ወንበር። እኔም ወደዛ ነው የማደላው። ልጁ ግን አልመለሰልኝም፣ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ነበር። ከሰዓት ደንበኛ መጥቶ፣ አንድ ላፕቶፕ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ ከፍሎ ሄዶ፣ ልጁ እዛው ነው። በነጋታውም ደብተሩን ይዞ መጣ። ገጽ ከገጽ ሞልቶታል። አንዱ ላይ ሁለት ተጓዦች ይጋጩና ሁለቱም ይጠፋሉ። እዛ ገጽ ላይ ጣቱን አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እነዚህ ሲጋጩ ያማቸዋል?" አለኝ።

አያማቸውም አልኩት። አምስት ካሬ ናቸው፣ አምስት ካሬ ምን ያመዋል።

"እሺ፣ በዚህ ነገር ኮምፒውተር መሥራት ይቻላል ብለኸኝ የለ?" አለ። አዎ፣ ይቻላል፤ በዚሁ ሕግ ብቻ ማንኛውንም ስሌት የሚሠራ ማሽን መገንባት እንደሚቻል ተረጋግጧል።

ደብተሩን ዘጋውና መንገዱን ተሻግሮ ከእትዬ ቆሎ ገዝቶ ተመለሰ። ግማሹን ለኔ እያፈሰሰልኝ፣ "ታዲያ ስንት ካሬ ሲሆን ነው ማመም የሚጀምረው?" አለኝ።